የጠፋ ሰው ዕቃ

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የምታስገባው ቅያስ ጥግ ላይ፣ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ተለጥፎ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ጠርዙን ልጦታል። ፊቱ ግን ደህና ይታያል፤ ሳቅ ሊጀምር ሲል የተነሣው ነው። ከራሱ በላይ በትልልቁ «መፍቁድ» ተብሎ ተጽፏል፤ የጠፋ ማለት ነው። በረመዳን ማብቂያ፣ በጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ለሳምንታት ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በጥይት ከተበተነ ወዲህ፣ የካርቱም ግድግዳ ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ለብሷል። ክንፉ በጓደኛው በይማም መኪና ውስጥ ሆኖ ወረቀቱን አየና ዐይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። ስልኩ ላይ ሌላ ፎቶግራፍ ነበር፤ የአምፕሊፋየር፣ የድምፅ ማጉያ።

ያን አምፕሊፋየር በአካል አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው ከመጽሔት ነው። ክንፉ አገሩ ሳለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከምርጫው ግርግር በኋላ በመተማ በኩል ወጥቶ ካርቱም ገባ፤ አሁን ያገሩ ሰዎች በሚበዙበት በሳጃና ሰፈር ይኖራል፤ በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ መጋዘን ዕቃ ይረከባል፣ ያስረክባል። ስለ ድምፅ ያስተማረው ሰው የለም። ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች አሮጌ መጽሔት እየገዛ፣ ሥዕሉን እያየ፣ የከበደውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈታ ራሱን አስተማረ። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲሸጡ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ገዛ፤ የተቀደደውን ጎማቸውን ራሱ ለጠፈ። ከዚያ ለነሱ የሚመጥን አምፕሊፋየር እስኪያገኝ ዓመታት በትዕግሥት ጠበቀ። ያለው ትንሽ ናት፤ ድምፁን ታወጣለች እንጂ አታሳይም። «አታሳይም» የራሱ ቃል ነው። ሚስቱ ትዕዛዝ ስትስቅበት፣ ጥሩ ድምፅ ይታያል፣ አንቺ ዐይንሽን ስለማትጨፍኚ ነው፣ ይላታል።

ማስታወቂያውን ያገኘው ሰዎች አሮጌ ዕቃ በሚሸጡበት የስልክ ገጽ ላይ ነው። ዋጋው ክፉኛ ዝቅ ብሏል። እንዲህ የሚሸጥ ሰው ወይ ዕቃውን አያውቅም፣ ወይ ቸኩሏል። ክንፉ ሁለቱንም አሰበና ለይማም ደወለ።

በሩን ገና ሳያንኳኩት ከፈተችው። ረሃፍ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋ ወዲህ ቤት የዋለች ልጅ ናት። እናቷ ጓሮ በኩል ጋደም ብላለችና ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ በእጇ አመለከተችው። ይማም ከደጅ ቀረ። ክንፉ ሰፊውን ግቢ ተከትሏት አቋርጦ አንድ ክፍል ገባ።

የወጣት ወንድ ክፍል ነበር። አልጋው ተነጥፏል፤ ጫማዎቹ ከአልጋው ሥር ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ በፍሬም ያለ ፎቶግራፍ ቆሟል። ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት የተባዛው ከዚህ ነው፤ ያው ሊጀመር ያለ ሳቅ። ክንፉ አየው። ረሃፍም ማየቱን አየች።

ወንድሟ ሰላሕዲን እንደሆነ ነገረችው። ሄዷል አለችው። ወዴት እንደሄደ አልጠየቃትም።

አምፕሊፋየሩ መደርደሪያው ላይ ነበር። የጃፓን ሥራ ነው፤ ፊቱ ደብዘዝ ያለ ወርቃማ፣ ጎኑ እንጨት፣ መሐል ላይ ከመስታወት ጀርባ ሁለት መርፌዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አባታቸው ኩዌት ሲሠሩ ኖረው ሲመለሱ ያመጡት እንደሆነ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ሰላሕዲን ማንንም አያስነካ እንደነበረ በሹክሹክታ ነገረችው። ክንፉ ተንበርክኮ ከኋላው አየ። ገመድ መሰኪያዎቹ ንጹሕ ናቸው። ብሎኖቹ አንዱም አልተቧጠጠም፤ ማንም ከፍቶ አልነካካውም።

«መስማት ትፈልጋለህ፣ ዐሞ?» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

እጇ ማብሪያው ላይ ነበር፤ ግን አልተጫነችውም። ዐይኗ ወደ ጓሮ በሚወስደው በር ላይ ነው። ክንፉ ምን እንደፈራች ገባው። ከዚህ ክፍል ድምፅ ከወጣ እናቲቱ ይነሣሉ። እናቲቱ ከተነሡ ደግሞ ሽያጭ የለም። ሳጃና ውስጥ ቴፕ ሊገዛ ለሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ሳትሰማ እንዳትገዛ፣ ብሎ የሚመክረው እሱ ነው።

«ጾም ላይ ነኝ» አላት። «ፍልሰታ ነው። በጾም ሙዚቃ አንሰማም።»

ልጅቷ እፎይታዋን መደበቅ አልቻለችም። አላህ ጾምህን ይቀበልህ አለችው፤ ከልቧ ነው ያለችው። ማብሪያውን ብቻ ተጫነችው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ብርሃን መጣ፤ መርፌዎቹ ተነሥተው ተንቀጠቀጡና ተመልሰው ተኙ። ለሁለቱም ይህ በቃ። ገንዘቡን ሰጣት፤ ሳትቆጥረው ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ይማም ተጠራ። በአልጋ አንሶላ ጠቅልለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ግቢውን ማቋረጥ ጀመሩ። ግማሽ ሲደርሱ ከጓሮ የሴት ድምፅ መጣ።

«ሰላሕ?»

ጩኸት አልነበረም። በደጇ የሚያልፈውን እግር ሁሉ የምትጠይቅ፣ መልሱን የለመደች ሰው ድምፅ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ሸክማቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«የጋዝ ሰዎች ናቸው፣ የማ» አለች ረሃፍ ለእናቷ። «ሲሊንደሩን ሊወስዱ መጥተው ነው።»

ሌላ ድምፅ አልመጣም። ክንፉ የቀረውን መንገድ በጫማው ጫፍ እየሄደ ወጣ።

ይማም የወሎ ሰው ነው፤ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ የሕዝብ መኪና ይነዳል፤ ልጅ ሆኖ መድረሳ ቁርኣን ተምሯል። ዕቃውን ወንበር ላይ ሲያሳርፉ፣ ይሄ ነገርህ እንደ ሬሳ ይከብዳል፣ ብሎ ቀለደ። ቅያሱ ጥግ ሲደርሱ ግን መኪናውን አቀዘቀዘ። ወረቀቱን አየ፤ ዞሮ የወጡበትን በር አየ።

«የዚህ ልጅ ቤት ነው እንዴ?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ምንድን ነው? ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው» አለ ክንፉ።

ይማም አስፋልቱ ላይ ወጣ። ከዚያ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ መድረሳ የተማረውን ነገረው። የመፍቁድ ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም። ቃዲው ሞቷል ብሎ እስኪፈርድ ድረስ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፤ ዕቃው ይጠብቀዋል። ክንፉ ከእህቱ ነው የገዛሁት አለ። ይማም እህቱ መቼ ባለቤት ሆነች አለ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣

«ቆይ፣ ለመሆኑ ሰማኸው?»

«ጾም አይደል።»

«አንተ እኮ የሬዲዮ ባትሪ ሳትሰማ የማትገዛ ሰው ነህ፣ ክንፌ።» ይማም ወደሱ ዞር አለ። «የናንተ ጾም ጆሮን እንደዚህ በደንብ እንደሚዘጋ አላውቅም ነበር።»

ትዕዛዝ ማታ ከሥራ ስትመለስ አምፕሊፋየሩ ክፍሉ ጥግ ላይ፣ በአንሶላው እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ገለጥ አድርጋ አየችው። ይሄ ነው እንግዲህ አለች፤ ወርቃማውን ፊት በጣቷ ዳበሰችው፤ ባሏ ዓመታት ሲያልመው የኖረውን ነገር በማግኘቱ ደስ አላት። ከዚያ ያው የይማም ጥያቄ መጣ። እሱም ያንኑ መልስ መለሰ፤ ጾም ነው።

«በገናውስ?» አለችው።

ክፋት አስባ አልነበረም። በዚያ ቤት በጾም ወራት ከሠርክ ጀምሮ በገና ይሰማል። ዘፈኑ ይቀራል፤ በገናው ይመጣል፤ በገና ለጾም ነው የተሠራው። ካሴቱ ከክንፉ ቦርሳ ተለይቶ አያውቅም፤ ቡሪ በሄደበት ጊዜም ቦርሳው ውስጥ ነበር። ያንን ካሴት አውጥቶ ረሃፍን፣ እስቲ ይህችን አሰሚኝ፣ ቢላት ጾሙ አይፈርስም ነበር። ይህን ክንፉ ያኔም ያውቀው ነበር።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ወረቀቱን፣ ፎቶግራፉን፣ ከጓሮ የመጣውን ጥያቄ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን። ትዕዛዝ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ሰማችው።

«እናትየው ነገ ክፍሉን ከፍተው ዕቃው ቢጎድልባቸው ምን ይላሉ?»

«እህቱ የሆነ ነገር ትላቸዋለች።»

«የእናትህ መርዶ እንዴት እንደተነገረህ ረሳኸው?»

አልረሳውም። እናቱ ደብረ ማርቆስ ሲሞቱ የሳጃና ሰዎች ወሬውን ሰምተው ወዲያው አልመጡም። አገር ቤት ደወሉ፤ ደግመው ሌላ ሰው ዘንድ ደወሉ፤ ቀብሩን በዐይኑ ያየ ሰው አፈላልገው አነጋገሩ። ከዚያ ነው ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በሩን ያንኳኩት። ጸጋዬ የሚባለው ሽማግሌ እጁን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ነው ቃሉ የወጣው። ሰው ሳያረጋግጥ መርዶ አይናገርም።

«አንተ ግን ምንም ሳታረጋግጥ» አለች ትዕዛዝ፣ «ተሸክመኸው ወጣህ።»

ቅዳሜ ማታ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የንስሐ አባቱን አገኘ። ሐዘን ካለበት ቤት ዕቃ መግዛት ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቃቸው። መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ የተቸገሩ ሰዎች ከሆኑ እንዲያውም ረድተሃቸዋል፣ አሉት። ክንፉ መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። ጥያቄውን ቆርጦ ነበር የጠየቀው፤ መልሱም ተቆርጦ መጣለት። በር ላይ ተመልሶ ሊገባ አሰበ፤ ሌላ ሰው ቀድሞት ገባ፤ እሱም ያንን ምክንያት አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ዓረፋ ነበር። ሰፈሩ በግ ያርዳል። ክንፉ ከቅዳሴ መልስ አንሶላውን ፈታ፤ ገመዱን በጥንቃቄ ሰካ፤ የበገናውን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። የበገና ክር ሲነካ ይነዝራል፤ ከክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት የምታነዝረው። በድሮዋ ማጉያ ያ ንዝረት አንድ ወጥ ጭጋግ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ክር የራሱ ቦታ አለው፤ የደርዳሪው ጣት ከክሩ ሲነሣ ይሰማል፤ ሊዘምር ሲል የሚስበው ትንፋሽ ይሰማል። ክንፉ ዐይኑን ጨፍኖ ሰውየውን አየው። ድምፁን ከፍ ሊያደርግ እጁን ሰደደ። ከመቆጣጠሪያው ጎን፣ ዝቅ ያለው ድምፅ ላይ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ ተቀብታለች። ከዚህ አታሳልፍ ማለት ነው። የእናት ትሁን የእህት፣ አንዲት ሴት እየተቆጣች ወይም እየሳቀች ጎንበስ ብላ የቀባቻት ናት። ክንፉ ቁልፉን ነጥቧ ላይ ተወው።

ጥሩ አምፕሊፋየር ዝምታውም ጥሩ ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሐል ምንም የለም፤ ሽው ሽው የለም፣ ጉምጉምታ የለም፤ ባዶ ነው። ክንፉ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ያንን ባዶነት ነበር። አሁን አገኘውና ከውስጡ «ሰላሕ?» የሚል ሰማ። መጀመሪያ ከካሴቱ መሰለው። ወደ ኋላ መልሶ አስኬደው፤ ካሴቱ ላይ ምንም የለም። እንደገና ዐይኑን ጨፈነ፤ በሚቀጥለው ዝምታ እንደገና መጣ።

የዒዱ ቀናት እስኪያልፉ ጠበቀ። የሚጠብቀው ለምን እንደሆነ ራሱን ሲጠይቅ፣ ሰዎችን በበዓል ላለማስቸገር ነው፣ ይላል። ዕቃውን አላበራውም፤ አንሶላውንም መልሶ አልደረበበትም። ቅዳሜ ጠዋት ለይማም ደወለና እንመልሰው አለው። ይማም እንደሚሳለቅበት ጠብቆ ነበር። ዛሬ ስምምነቱ የሚፈረምበት ቀን ነው፣ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፣ ብቻ አለው፤ ቢሆንም መጣ።

እውነትም ከተማው ወጥቷል። ወታደሮቹና ሲቪሎቹ አብረው ሊገዙ የሚፈራረሙበት ቀን ነው። ሰው በመኪና ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ባንዲራ ያውለበልባል፤ ጥሩምባው አያቆምም፤ ወጣቶቹ «መደኒያ! መደኒያ!» ይላሉ፤ የሲቪል መንግሥት ማለታቸው ነው። አንዲት ልጅ ይማም መስታወት ላይ ትንሽ ባንዲራ ለጠፈችለት። ክንፉ ከኋላ አምፕሊፋየሩን በሁለት እጁ ደግፎ ተቀምጧል። በስደት ያለ ሰው በሰው አገር ነገር አይገባም ብሎ፣ ሕዝቡ ሲቀመጥም ሲበተንም ደጅ አልወጣም ነበር። ሕዝቡ የተበተነ ዕለት ማለዳ ተኩሱን ከሳጃና ሰምቶ መስኮቱን ዘግቶ ነበር። ጆሮው ጥሩ ነውና ከተዘጋ በኋላም ሰምቶታል።

ቅያሷ ጋ ሲደርሱ መንገዱ በድንኳን ተዘግቷል። ከድንኳኑ ሥር ሰሌን ተነጥፏል፤ ወንዶች ተቀምጠዋል። ይማም ሞተሩን አጠፋ።

«አግኝተውታል ማለት ነው» አለ። «ኢንና ሊላህ።»

ረሃፍ መኪናዋን አወቀቻት። ጥቁር ለብሳ፣ በግድግዳው ጥግ ተከልላ መጣች፤ በመስኮቱ በኩል ነው ያነጋገረቻቸው። አልተገኘም አለች። ምንም ወሬ የለም። እናቷ በዓረፋ ጠዋት ክፍሉን ልታጸዳ ገብታ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ አገኘችው። አልጮኸችም፤ ምንም አልጠየቀችም። በዓሉን ሁሉ ዝም ብላ ውላ ዒዱ ሲያልፍ የራሷን ወንድም በሽርን አስጠርታ፣ ልጄ ሞቷል፣ ድንኳን ትከሉልኝ፣ አለችው። እናትየው፣ ረሃፍ የወንድሟን ዕቃ የምትሸጠው ሬሳውን በዐይኗ ካየች ብቻ ነው ብላ ቆረጠች። ረሃፍ አላየሁም ብላ ብትምል ብትገዘት፣ ታምሜያለሁ ብለሽ ነው የምትደብቂኝ፣ አለቻት እንጂ አላመነቻትም።

ለምን እንደሸጠችውም ነገረቻቸው። እናቷ በየቀኑ እዚያ ክፍል ገብታ ታበራው ነበር። ምንም አታሰማበትም። ሲመጣ ሞቆ ይጠብቀው ብላ ብርሃኑን እያየች ትቀመጣለች፤ እግር በሰማች ቁጥር ትነሣለች። አትበላም፣ አትተኛም። ረሃፍ ዕቃው ከቤት ከወጣ ትተኛለች ብላ አሰበች።

«አሁን አለቀሰች፣ ዐሞ» አለችው። «ከረመዳን ወዲህ ገና አሁን አለቀሰች። ትናንት ተኛች። ይዘኸው ተመለስ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳታስገባው።»

ይማም ክንፉን አየው፤ ቁልፉን ግን አላዞረም። የለቅሶ ድንኳን አይቶ ዞሮ የሚሄድ ሰው የለም፤ ወንዶቹም አይተዋቸዋል። ዕቃውን መኪናው ውስጥ ትተው ወረዱ።

ሱዳን ውስጥ ለቅሶ የገባ ሰው ገና ሳይቀመጥ ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ፋትሓ የሚባለውን የቁርኣን መክፈቻ ይደግማል፤ የተቀመጡትም ተነሥተው አብረውት ይዘረጋሉ። ክርስቲያኑም ይዘረጋል፤ ክንፉ ስንት ለቅሶ ላይ ዘርግቷል፤ በልቡ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ። ይማም ዘረጋ። ወንዶቹ ተነሥተው ዘረጉ። የክንፉ እጅ ግን ከጎኑ አልተነሣም። ቢያነሣው ምስክር መሆኑ ነው፤ ሞቷል ማለቱ ነው።

መዳፎቹ ተዘርግተው ቀሩ። ሰው ሁሉ የክንፉን እጅ ያያል። በመጨረሻ ትልቅ ጥምጥም የጠመጠሙት በሽር፣ እንግዳውን ከኀፍረት ሊያወጡት፣ ነስራኒ ነው፣ ሃይማኖቱ አይፈቅድለት ይሆናል፣ ተዉት፣ አሉ። ራሳቸውን በደግነት እየነቀነቁ ወንበር አሳዩት።

ክንፉ ወንበሩን አየ። አንድ እርምጃ ነው።

«ሃይማኖቴ አይደለም» አለ። «ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሲሸጡልኝ ልጁ ሞቷል ያለኝ ሰው የለም።»

ረሃፍ ከግድግዳው ጥግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድንኳኑ ውስጥ ያጉረመረመ ሰው ነበር፤ በሽርም ዝቅ ባለ ድምፅ ይህ ጊዜው አይደለም ማለት ጀምረው ነበር። ግን ሴቶቹ የተቀመጡት ከግቢው በር ወዲያ ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ፣ ያ ሰው ይግባ፣ የሚል ቃል መጣ።

እናትየው ሐጃ ራሺዳ መሬት ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከልቅሶው አብጧል። ክንፉ ፊት ለፊታቸው በርከክ አለ። ብዙ አዩት።

«የጋዙ ሰው አንተ ነህ» አሉ።

«ነኝ፣ ሐጃ።»

«ስትገዛው ሞቷል አለችህ?»

«አላለችኝም። ሄዷል ነው ያለችኝ።»

«ወዴት ብለህ ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ለምን?»

ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ከጠየቅሁ አትሸጥልኝም ብዬ ፈራሁ። ፎቶውን አይቻለሁ፤ ደጅ ያለውንም ወረቀት አይቻለሁ። ሲጠሩም ሰምቻለሁ። ዕቃውን ፈለግሁት።»

ሐጃ ራሺዳ አልተቆጡም። ያልጠበቀውን ነገር ጠየቁት፤ ጥሩ ነው ወይ አሉት። በጣም ጥሩ ነው አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሰላሕ አባት ሲያመጣው በአንድ ዕቃ ይሄን ያህል ገንዘብ ብለው ሁለት ቀን እንዳላነጋገሩት ነገሩት። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ዞሩ።

«አላየሽውም?»

«አላየሁም፣ የማ። ወላሂ አላየሁም።»

ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ የማለችው መሐላ ነው። አሁን ግን አንድ ባዕድ ሰው በሰው ፊት ራሱን አዋርዶ ከጎኗ ስለቆመ አመኗት። ክንፉ ያ እምነት በሴትዮዋ ፊት ላይ ሲመለስ አየው። እንደ ጤና አልነበረም፤ እንደ ትኩሳት ነው የመጣው። ዐይናቸው በራ፤ እጃቸው ትራሱን ለቆ ሥራ ፈለገ።

«ሰሌኑን አንሡ» አሉ።

በሽር ከውጭ ገብተው፣ ራሺዳ ሰው ተቀምጧል፣ ነገ ያበቃል፣ ታገሺ፣ አሏቸው።

«ውሃ ጠጥተው ይሂዱ። ሄደው ለመደኒያቸው ይጨፍሩ። ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ክንፉና ይማም አምፕሊፋየሩን ተሸክመው ግቢውን አቋረጡ፤ አሁን ማንም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ አላላቸውም። መደርደሪያው ላይ መልሰው አሳረፉት፤ ክንፉ ገመዶቹን በየቦታቸው ሰካ። ሐጃ ራሺዳ በሁለት ሴቶች ተደግፈው መጡ፤ ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑ፤ መርፌዎቹ ተነሥተው ሲተኙ አዩ፤ ከፊቱ ባለው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ቁጭ ያሉት በር በሩን በሚያዩበት በኩል ነው። ክንፉ አንዳች ነገር ሊላቸው ፈልጎ ነበር። ከእንግዲህ የሚያዩት እሱን አልነበረም።

ደጅ ሲወጣ ድንኳኑ እየፈረሰ ነው። ወንዶቹ እጁን ሳይጨብጡት አለፉት፤ አንዳንዶቹ በቀስታ፣ ትክክል ሠርተሃል፣ አሉት፤ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ገላምጦት ሄደ። ረሃፍ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ሰሌን ታጥፋለች። ገንዘቡን በሚቀጥለው ወር እመልስልሃለሁ አለችው፤ አልፈልግም አላት። ሰሌኑ ረጅም ነው፤ ከአንድ ሰው በላይ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትይዝ ሌላው ይፈታል። ክንፉ ያንን ጫፍ ያዘ።

«ትናንት ተኝታ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

እውነቷን ነው። ጫፍና ጫፉን ይዘው ተቀራረቡ፤ የሱን ከሷ ጋር ገጠመችው፤ አቧራው በመሐላቸው ተነሣ። ከውስጥ፣ የሚሄዱት ሰዎች እግር ተሰምቶ ይሆናል፣ ያ ድምፅ መጣ፤ የልጁን ስም ጠራ። ረሃፍ ቀጥ አለች። የምትመልሰውን ፈለገች፤ ከዚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ክንፉን ፊት ለፊት አየችው።

«ምን ልበላት?»

ክንፉ የታጠፈውን ሰሌን ከእጇ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አቆመና ለሚቀጥለው ጎንበስ አለ።